ከብቶቹ ወዴት ዞረው ተኙ?

«እናታችን ሮማንወርቅ ዛሬ ጩኸትና ሁከት በሌለበት፣ በጌታ ዕቅፍ ውስጥ…» ብለው ፓስተር ሕዝቅያስ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ፣ ላም እምቧ አለች።

አንድ ጊዜ ብላም አልተወች። ረዘም፣ ወፈር አድርጋ ደጋገመችው። ከቤተ ክርስቲያን በውሰት በመጣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የነበረው ለቀስተኛ ሁሉ ቀና አለ። በሩ አጠገብ የተቀመጠች ሴትዮ «በኢየሱስ ስም!» ብላ እግሯን ሰበሰበች። ለንደን፣ ሼፈርድስ ቡሽ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ላም በሊፍት ካልሆነ በምን ትወጣለች?

«ስልክ ነው! ሶሪ፣ ስልክ ነው» አለች ያኤል፣ የሰው ጉልበት እየተሻገረች።

የአያቷ ስልክ ነበር። እማማ ሮማን ትናንት ሰኞ ጠዋት፣ በሰማንያ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ሻዩ ቀዝቅዟል ብላ ተቆጥታ፣ ሌላ እስኪቀዳላት ሳትጠብቅ አረፈች። ስልኳም ባትሪው አልቆ አብሯት ጸጥ ብሎ ነበር፤ ዛሬ አንድ ደግ ለቀስተኛ «የሚፈልጋት ሰው ቢኖርስ» ብሎ ቻርጀር ላይ ሰካው። መጥሪያው የዳማ ድምፅ ነው። ዳማ፣ ከነገሌ ወዲያ በሊበን ሜዳ የሚሰማራው የእማማ ሮማን መንጋ እመቤት ናት፤ ድምፅዋን ከቪዲዮ ቆርጣ ስልኩ ላይ የጫነችው ራሷ ያኤል ነበረች። ደዋዩም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጀሚል፣ አርባ ዓመት የእማማ ሮማንን ከብት የጠበቀ። ሜዳው ላይ ኔትወርክ የሚገኘው ምስጥ በሠራው አንድ ትልቅ ኩይሳ ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ በየቀኑ ከብቱ ሲገባ እዚያ ይወጣና ይደውላል። እዚያ አመሻሽ ነው፤ እዚህ ገና ከቀኑ አስር ሰዓት።

«ሄሎ፣ ጋሽ ጀሚል።»

«እትዬስ? ትናንት ብደውል ዝግ ነው አለኝ፤ ወላሂ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ያኤል ሳሎኑን አየች፤ ሳሎኑም ያኤልን። እናቷ ኂሩት ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ተኝታለች» አለች ያኤል።

«እትዬ? ከብት በሚገባበት ሰዓት?»

«ጉንፋን ይዟታል።»

ኩይሳው ላይ ነፋስ ይሰማል። «ይማራቸው። ሲነሱ ንገሪያቸው፤ ሣሩ አልቋል፣ ዝናቡም ዘግይቷል። ከብቱን ወደ ዳዋ ወንዝ ላውርድ ወይስ ልጠብቅ? ብወርድ የደከመው መንገድ ላይ ይቀርብኛል፤ ብጠብቅና ዝናቡ ቢቀር ሁሉም ያልቅብኛል። ይህን የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው። ነገ ይንገሩኝ፤ ከነገ በላይ ወላሂ አያስችልም።»

«ዳማስ?» አለች ያኤል፤ አያቷ ይህን ሳትጠይቅ ስልክ ዘግታ ስለማታውቅ።

«ዳማ ደህና ናት» አለና ዘጋው።

ኪችን ውስጥ ሸንጎ ተቀመጠ። አጎቷ ደምመላሽ የማቀዝቀዣውን በር ተደግፎ፣ «ለምን አልነገርሽውም?» አላት።

«ስልኩን ለምን አልተቀበልከኝም ታዲያ?»

«እንዴት በስልክ ይረዳል?» ብላ ከበሩ ገባች እህተማርያም፣ የእማማ ሮማን የበር ጎረቤት፣ ፔርሙስ በእጇ ይዛ። «መርዶ የሚነገረው ሰው ከግራ ከቀኝ የሚይዘው ያስፈልገዋል። እሱ ደግሞ ኩይሳ ላይ ነው ያለው። ወድቆ አንገቱ ቢሰበርስ? ሁለተኛ ለቅሶ ልትቀመጡ ነው?»

የአዲስ አበባው ዘመዳቸው ዓለምሰገድ ሁለት ሽማግሌ ይዞ ወደ ነገሌ እንዲነሳ ተደወለለት፤ መንገዱ ከተባበረ ዓርብ ማለዳ ሜዳው ላይ ይደርሳል ተባለ።

«እስከ ዓርብ ስልኩን ያኤል ትያዘው» አለ ደምመላሽ። «ከመርዶው በኋላ ከብቱ ይሸጣል፤ አለቀ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፤ ይኸው ነው የኛ ነገር።»

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ያኤል ስልኩን በእጇ ይዛ ቀረች። እውነቱን ብትናገር ሽማግሌ ሰው ከኩይሳ ልትጥል ነው፤ ብትዋሽ ስድሳ ሰባት ከብት ነገ መልስ ይጠብቃል። እሷ ደግሞ ከብት በአካል ያየችው በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ለሦስት ሳምንት ነው።

ወደ ሳሎን ስትመለስ ሁለት ሴቶች ራሳቸውን አገናኝተው ሲያንሾካሹኩ ደረሰች። «አላለቀሰችም እኮ።» «እዚህ የተወለዱት እንዲያ ናቸው።» ያኤል ንፍሮ በሳህን አቀረበችላቸውና፣ «በደንብ ብሉ፤ ገና ሁለት ሳምንት ታሙኛላችሁ» አለቻቸው። እውነቷን ነው። ቀብሩ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል፤ ለንደን ለመቀበርም ወረፋ አለው።

የለቅሶ ቤት ወሬ ሲደምቅ ሟቹን የማያውቀው ቤተሰቡ ብቻ ይሆናል። «እንዴት ያለች ለስላሳ ሴት!» አለች እህተማርያም እንባዋን እየጠረገች። «ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።» ያኤል ከንፈሯን ነከሰች። እማማ ሮማን ይህችኑ ሴትዮ «ምላሷ የማይነጥፍ» ትላት ነበር፤ ከኋላዋም፣ ከፊቷም።

ለስላሳስ አልነበረችም። ነገሌ ላይ ባሏ የወታደር መኪና ይዞ ወጥቶ ሳይመለስ ሲቀር፣ በሠላሳ አምስት ዓመቷ ሁለት ልጅና አንድ ድስት ይዛ ቀረች። ዘመድ ሁሉ ወደ አገርሽ ተመለሺ አላት። እሷ ግን የአንድ ቦረና ጎረቤቷን አባት ስድስት ወር አስታማ ኖሮ፣ ሰውዬው ውለታዋን በአንዲት ጊደር መለሰ። «ጊደር ያለው ሰው አገሩ ጊደሯ የቆመችበት ነው» ብላ ቀረች። ጊደሯ ወለደች፣ የወለደቻት ወለደች፤ በሃያ ዓመት ውስጥ «የሮማን ከብት» ሲባል ሌባ መንገድ የሚቀይር ሆነ። ልጆቿን ያስተማረችው በሬ እየሸጠች ስለሆነ የምትጠራቸውም በበሬ ነው። ኢንጂነሩ ልጇ አጠገቧ ቆሞ ለእንግዳ፣ «ይኼ አራት በሬ ነው» ትላለች። «ኂሩት ሁለት በሬና አንዲት መሲና። ላሞቼ ግን እስካሁን ይበልጧቸዋል፤ ስጠራቸው ይመጣሉ።»

ዓይኗን ልትታከም ለስድስት ወር ለንደን መጥታ ዘጠኝ ዓመት ተቀመጠች። የሰፈሩ ስም «የእረኛ ቁጥቋጦ» ማለት መሆኑን ሲነግሯት፣ «ታዲያ እረኛው የት ሄደ?» አለች። መናፈሻው ውስጥ ሣር የሚያጭደውን የካውንስል ሠራተኛ ባየች ጊዜ ደግሞ በዱላዋ አስቆመችው። ያኤል ማስተርጎም ነበረባት።

«ሣሩን ወዴት ነው የሚወስደው በይው።»

«ይጣላል ነው የሚለው፣ እማማ።»

«ይጣላል?» እማማ ሮማን ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «እናቱ በሕይወት አለች ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።»

ሶፋ ላይም ተቀምጣ አታውቅም። መስኮቱ ሥር ከነገሌ ያመጣቻት ባለ ሦስት እግር፣ ቆዳ የተወጠረባት በርጩማ አለች። በአስር ሰዓት እሷ ላይ ትቀመጥና፣ ስልኩ እምቧ ሲል ታነሳለች። ሰላምታ ሥራ ፈት የሚያደርገው ነገር ነው ብላ ስለምታምን የመጀመሪያ ቃሏ አንድ ነው፤ «ጠገቡ?» ከዚያ ሜዳውን ከአምስተኛ ፎቅ ትገዛለች። አሁን ሃያ ሰው ወንበር አጥሮት ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም፣ በርጩማዋ ላይ ግን የሚቀመጥ ጠፋ።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ያኤል አንድ ስሕተት ሠራች፤ ለቀስተኛውን ምክር ጠየቀች።

«ይውረዱ» አለ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ቆፍጠን ብሎ። «ዝም ብሎ መቆም ነው ሁልጊዜ የሚጎዳህ። መንገድ ከተዘጋም ዳይቨርሽን አይጠፋም።»

«የደከመ በሽተኛ አይንቀሳቀስም» አለች አንዲት ነርስ። «ባሉበት ፈሳሽ እየተሰጣቸው ይቆዩ።»

«ፈሳሹ ነው እኮ የጠፋው!»

«ቆይ፣ ቆይ፣ አፕ ላይ ቼክ ላድርግ» አለ አንድ ጎረምሳ። «ነገ ሰማንያ ፐርሰንት ዝናብ ይላል!»

ሳሎኑ በእፎይታ ተነፈሰ።

«የት?» አለች ያኤል።

ጎረምሳው ስልኩን አጠጋ አድርጎ አየ። «…ሼፈርድስ ቡሽ።»

ፓስተር ሕዝቅያስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንጸልይበት።»

«ፓስተር፣ ለአስር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው።»

«አጭር ጸሎት ነው።»

«የእርስዎን አጭር ጸሎት እናውቀዋለን» አለች ያኤል፤ እናቷም ከፍራሹ ላይ «አንቺ ልጅ!» አለቻት፤ ግን እሷም ሰዓቱን አየች።

ላሚቱ እምቧ አለች። ያኤል የአያቷን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምሮ እያስመሰለች ትናገር ነበር፤ አንድ ጊዜ እማማ ሮማን ከጀርባዋ ቆማ ሰምታ፣ «ትንሽ ወፈር አድርጊው፤ እኔ እንደ ፍየል አልናገርም» ብላ አርማታለች። ጉሮሮዋን አሻከረች፣ ስልኩን ከፈተች፣ ድንጋጤም ያዛት።

«እንዴት ዋልክ፣ ጀሚል» አለች ወፈር አድርጋ።

ኩይሳው ላይ ነፋሱ ብቻ ነፈሰ።

«አልሐምዱሊላህ… እትዬ። ተሻለዎት?»

«ጉንፋን እኔን አይጥለኝም።» አንድ ሰው ሻይ ትን አለው።

«እንግዲያ ምን ይሻላል? ልውረድ ወይስ ልቆይ?»

ያኤል ዓይኗን ጨፈነች። ያኔ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ጎህ ሲቀድ አያቷ ከእንቅልፍ ቀስቅሳ ወደ በረቱ ወስዳት ነበር። ከብቶቹ እንደተኙ ያመሰኳሉ። እማማ ሮማን በዱላዋ አንድ በአንድ አሳየቻት። «ወዴት ነው የዞሩት? እዪ። ሰው ይዋሻል፤ ደመናም ይዋሻል። ከብት ግን ዝናቡ በሚመጣበት ዞሮ ነው የሚተኛው።» ያኤል በዚያ ጠዋት ያሰበችው ጫማዋ ላይ ስለተጣበቀው እበት ብቻ ነበር።

«ሌሊቱን ከብቶቹ ወዴት ዞረው ተኙ?» አለች።

የጀሚል ድምፅ ቀጠነ። «ወደ ምሥራቅ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እንግዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ካለህበት ንቅንቅ እንዳትል!»

«አሜን!» አለ የአውቶቡስ ሹፌሩ፤ በአራት እጅ አፉ ተያዘ።

«ዳማስ?»

«ደህና ናት።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሳሎኑ ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረውም፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ብሎት ነው የተወው። ያኤልን ግን አንድ ነገር ከነከናት። ጀሚል ያለ ወላሂ ዛሬ ረቡዕ ነው እንኳ አይልም። ስለ ዳማ ሲጠየቅ ግን ትናንትም አልማለም፤ ዛሬም አልማለም። ከሁለት ሳምንት በፊት አያቷ «ድምፅዋን አሰማኝ» ብላው፣ ስልኩን ላም አፍ ላይ አድርጎላት ነበር። እማማ ሮማን አዳመጠች፣ ስልኩን ለያኤል መለሰች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ጀሚል አርጅቷል» አለች፤ ራቷንም ሳትጨርስ ተነሳች። ያኤል ያኔ የመሰላት ሰውዬው አሳዝኗት ነው።

ሐሙስ አስር ሰዓት ስልኩ እምቧ ሲል ሁሉም እንዲሰማ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገችው። ጉሮሮዋን አሻክራ «ጀሚል…» ከማለቷ፣

«ያኤል» አለ። «ልጄ፣ በራስሽ ድምፅ አናግሪኝ።»

ያኤል ስልኩን ከአፏ አራቀችው።

«ዛሬ ብቻዬን አይደለሁም። በቀኜ የጎረቤቴ ልጅ አክረም ቆሟል፣ በግራዬ ወንድሙ። ጥብቅ አድርገው ይዘውኛል። ንገሪኝ።»

ሦስት ሰው አንድ ኩይሳ ላይ። ደምመላሽ በሹክሹክታ «ዓለምሰገድ ነገ ይደርሳል፤ ትንሽ አቆይው» አለ። ያኤል አላየችውም።

«እማማ ሰኞ ጠዋት አረፈች፣ ጋሽ ጀሚል።»

«ኢንና ሊላሂ…» ከዚያ አፈር ሲናድ፣ ሰው ሲንሸራተት ተሰማ።

«ያዙት!» ብሎ ጮኸ ሳሎኑ በአንድ አፍ። «አክረም፣ ያዘው!»

«ይዘነዋል! ይዘነዋል!» አለ ሌላ ድምፅ ከሩቅ። እህተማርያም ደረቷን ይዛ ዙሪያዋን አየች፤ ብያችሁ አልነበረም ወይ የሚል አስተያየት ነው።

ሲረጋጋ ያኤል፣ «መቼ አወቁ?» አለችው።

«ትናንት። ድምፁ የእትዬ ነው፤ ቁጣውም የእትዬ ነው። ግን እንዴት ዋልክ አልሽኝ። አርባ ዓመት ሙሉ፣ ወላሂ፣ አንድ ቀን እንዴት ዋልክ ብለውኝ አያውቁም።» ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ነገር ከጉሮሮው ወጣ። «አሁን ተራው የኔ ነው። አጠገብሽ ሰው አለ?»

«ሃያ ሰው አለ።»

«ከግራ ከቀኝ ይያዙሽ።»

ደምመላሽ ምን እንደሚመጣ ሳይገባው ግራ ክንዷን ያዘ። እህተማርያም ቀኙን ያዘች፤ ይህ ሥራዋ ነው።

«ዳማ የዛሬ ሁለት ሳምንት ስትወልድ ሞተች፤ ወላሂ። እንደዚያ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም ብዬ ደበቅኋቸው። ድምፅዋን አሰማኝ ሲሉኝ የሌላ ላም አሰማኋቸው።»

ያኤል በያዟት ሁለት ሰዎች መሃል ተንጠለጠለች። ለሁለት ሴቶች ሐሜት አራት ቀን እምቢ ያለው እንባ፣ ላም ሞተች ሲባል በአንድ ጊዜ ወረደ። «ዳማዬ!» አለች፤ እንዲህ ብላ ልታለቅስ ይቅርና ላሚቱን ስትነካትም ፈርታ ነበር። «እማማ! እማማ!» አለች ቀጥላ፤ ከዚያ የትኛዋን እንደምትጠራ ራሷም ጠፋት። ኂሩት ከፍራሹ ተነስታ አቀፈቻት፤ ሳሎኑ አብሮ ተንሰቀሰቀ። በዚህ መሃል ከብሪክስተን ሁለት ባቡር ቀይራ የመጣች ሴትዮ በሩን ከፍታ ገባችና፣ «ደግሞ ማን ሞተ?» አለች።

«ዳማ!» አሏት።

«ውይ ዳማ! ውይ ዳማዬን!» ብላ ደረቷን መታች። ዳማ ማን እንደሆነች የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀች።

ያኤል አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ስልኩን አነሳች። «ጋሽ ጀሚል፣ አውቃለች። ያኔ ስትሰማ ዳማ እንዳልሆነች አውቃለች። አልነገረችዎትም እንጂ።»

አሁን ያለቀሰው ጀሚል ነበር። ሳሎኑም ጠበቀው፤ ኩይሳውም ጠበቀው።

«ጥጃዋስ?» አለች ያኤል።

«አለች። እንስት ናት። ልጄ ሪሐብ በጠርሙስ እያጠባቻት ነው።» አፍንጫውን ሲናፈጥ ተሰማ። «ያኤል… ከእንግዲህ ለማን ነው የምደውለው?»

ደምመላሽ፣ አራት በሬ የተሸጠለት ሰው፣ የምንጣፉን አበባ ይቆጥር ጀመር።

ዓርብ ጠዋት ዓለምሰገድ ደወለ። ሽማግሌዎቹን ይዞ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጎህ ሳይቀድ ደርሰው ነበር። ጀሚል ግን ድንኳን ተክሎ፣ ለቀስተኛ አስቀምጦ፣ ተቀምጦ ጠበቃቸው። መርዶ ነጋሪዎቹ የሚነግሩት አጥተው፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሶ፣ ሻይ ተሰጥቷቸው ተቀመጡ።

«ምን ጭቃ?» አለ ደምመላሽ።

«ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ እኮ! ከምሥራቅ በኩል።»

ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ እንደገና ሞላ። ደምመላሽ የለንደኖቹ ሽማግሌዎች እስኪሰበሰቡ ጠብቆ፣ እጆቹን አሻሽቶ፣ «እንግዲህ መርዶውም ተነግሯል፤ የከብቱን ነገር…» ሲል ላሚቱ እምቧ አለች።

ፓስተር ሕዝቅያስ ቡናቸውን ወደ አፋቸው ሲወስዱ በአየር ላይ አቆሙት። ያኤል አልቸኮለችም። የሰው ጉልበት ዞራ መስኮቱ ሥር ደረሰች፣ በርጩማዋን በእግሯ ሳብ አደረገች፣ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ጠገቡ?» አለች።